ያገለገለ የእበት ቦቴ ልገዛ ነው፣ ምን ምን ልይ?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት? እኔ ሱሉልታ አካባቢ ከእናቴ ጋር የወተት ላም ነው የምናረባው፣ የሚታለቡት 18 ናቸው ጊደሮቹን ሳይጨምር። ድሮ እበቱን በአካፋና በጋሪ ነበር የምናወጣው፣ ወለሉን በውሃ ማጠብ ከጀመርን ወዲህ ግን ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው እንደ አጥሚት የቀጠነ ነገር ሆነና በአካፋ አልያዝ አለ። ባለፈው ክረምት ሞልቶ ጎረቤት አጥር ስር ፈሶ ተጣልተናል፣ ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቅነው። አሁን አንድ ደላላ ከአውሮፓ የገባ ያገለገለ ቦቴ አለ ብሎኛል፣ በትራክተር የሚጎተት፣ በራሱ ፓምፕ የሚመጥ፣ 6,000 ሊትር የሚይዝ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ነው የሚመስለው። ትራክተራችን የድሮ ፈርጉሰን ነው፣ 60 ፈረስ ጉልበት ምናምን። እናቴ ትልቅ ከሆነ ምልልስ ይቀንሳል ግዛው ትላለች፣ እኔ ስለ ማሽኑ ምንም ስለማላውቅ ፈራሁ። እዚያው ቆሜ በዓይኔ ላረጋግጥ የምችለው ነገር ካለ ይንገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ።
ከሱሉልታ

መልስ፦

ወንድሜ መፍራትህ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ እጅህ ላይ እያለ መጠየቅህ ደግሞ የበለጠ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጽፍልኝ ከገዛ በኋላ ነው።

ቦቴውን ከማየትህ በፊት ትራክተርህን እይ። እበት ውሃ ማለት ክብደቱ ያው እንደ ውሃ ነው፣ 1,000 ሊትሩ 1 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ስለዚ 6,000 ሊትር ስትሞላ 6 ቶን ጫንክ ማለት ነው፣ ባዶው ቦቴ ራሱ ወደ 2 ቶን አለው፣ ድምሩ 8 ቶን። ያንተ ፈርጉሰን ደግሞ ራሱ 3 ቶን እንኳን አይሞላም። መጎተቱን ሜዳ ላይ ሊጎትተው ይችል ይሆናል፣ ችግሩ ማቆሙ ነው። ቁልቁለት ላይ 8 ቶን ከኋላ ሲገፋህ የትራክተሩ ፍሬን ምንም አያደርግልህም፣ ትራክተሩ ራሱ ወደ ጎን ይታጠፍና ቦቴው ይወጣበታል። በዚያ ላይ ያለህበት ከፍታ አለ። ሱሉልታ ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያ ያጣል፣ ማለትም 60 ብለህ የምታስበው ትራክተር አንተ ዘንድ 45 ነው ብለህ አስብ።

እናትህን በአክብሮት እንዲህ በልልኝ፣ ምልልስ ቢበዛም ከ3,000 እስከ 3,500 ሊትር ያለው ነው ለናንተ የሚሆነው። ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ አንድ ላም በቀን ከክብደቷ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል እበትና ሽንት ታወጣለች፣ 450 ኪሎ የምትመዝን ክልስ ላም 35 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። 18ቱ በቀን 630 ኪሎ፣ በወር 19 ቶን። የማጠቢያውን ውሃ ስትጨምርበት 25 ወይም 30 ቶን ይገባል። በ3,500 ሊትር ቦቴ ይሄ በወር 8 ወይም 9 ጉዞ ነው፣ የአንድ ቀን ተኩል ስራ። ለዚህ ብሎ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ አይጥልም።

ትንሹም ቢሆን የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ፍሬኑ አለ ተብሎ ሲነገርህ የትራክተርህ ሃይድሮሊክ ለተሳቢ ፍሬን የሚሆን መስመር እንዳለው አረጋግጥ፣ የድሮ ትራክተሮች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ማስጨመር ግን ይቻላል። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ግማሽ የሞላ ቦቴ ከሞላው የባሰ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወዲያና ወዲህ ይላጋል፣ ተዳፋት ላይ ስትዞር ይዞህ ሊገለበጥ ይችላል። ውስጡ ፈሳሹን የሚከፋፍል ላሜራ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ፣ በላይኛው ክዳን በባትሪ እያበራህ ከውጭ ሆነህ እይ። ከውጭ ሆነህ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ አረንጓዴው ቀለም። ወንድሜ አዲስ ቀለም ያገለገለ ቦቴ ላይ ሳይ ደስ አይለኝም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ቀለም አይቼ ገዝቻለሁ፣ ሻጩን አላነሳውም፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሆዱ ስር፣ ልክ ጋኑ ሻንሲው ላይ በተቀመጠበት ቦታ ላሜራው ተቀደደና አራት ሺህ ሊትር እበት የቀበሌ መንገድ ላይ ዘረገፈው። ሰው በአካፋና በባልዲ ሲያግዘኝ ዋለ፣ የዚያን ቀን ሐፍረት እስካሁን አልረሳውም። ኋላ ጋራዥ ወስጄ የተቀደደውን አካባቢ ቀለሙን በቁልፍ ስፍቀው ከስሩ ግራጫ ዱቄት ረገፈ፣ ለካ ስቱኮ ነው። የተበላውን ላሜራ በስቱኮ ሞልተው፣ አሸት አሸት አድርገው፣ ቀለም ደፍተውበታል።

ስለዚ ስትሄድ ትንሽ መዶሻና ባትሪ ይዘህ ሂድ። ቦቴው ስር ገብተህ ተኛ፣ ልብስህ ይቆሽሽ። ሆዱን ከፊት እስከ ኋላ በየስንዝሩ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርገው፣ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚሰጥህ፣ ደወል ይመስላል፣ የተበላው ወይም ስቱኮ የተሞላው እንደ ካርቶን ድብ ይላል። ድምፁ ሲቀየር ጆሮህ ራሱ ይነግርሃል፣ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ዋናዎቹ ቦታዎች ጋኑ ሻንሲው ላይ የተቀመጠበት፣ ብየዳው የሄደበት መስመር ሁሉ፣ የኋላው በር ዙሪያ፣ እና የላይኛው ጣሪያ ናቸው። ጣሪያውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ነገር ግን ከእበቱ የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ ብረቱን ከላይም ይበላዋል። የነዚህ ጋኖች ላሜራ አዲስ ሆኖ ሲወጣ በአብዛኛው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። የላሜራ ውፍረት የሚለካ መሳሪያ ያለው በያጅ ወይም ጋራዥ ካገኘህ ከፍለህ ውሰደው፣ ግማሹ ተበልቶ ካገኘኸው እኔ ብሆን በነፃም አልወስደውም። ይሄ ጋን ሲመጥ አየር ወጥቶለት ከውጭ ይጨመቃል፣ ሲረጭ ደግሞ ከውስጥ ይወጠራል፣ የሳሳ ላሜራ ወይ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይጨማደዳል ወይ ይፈነዳል።

ፓምፑ ጋር ስንመጣ አንድ ነገር ልብ በል፣ ይሄ ፓምፕ እበት አይነካም። የሚያወጣው አየር ነው፣ ጋኑ ባዶ ሲሆንበት እበቱ በቱቦው ራሱ ይገባል። መቀየሪያ እጀታውን ስታዞረው ደግሞ አየር ወደ ጋኑ ነፍቶ እበቱን ይገፋዋል። ስለዚ ፓምፑን የሚገድለው እበት ሲገባበት ነው፣ ያንን የሚከላከሉት ጋኑና ፓምፑ መሃል ያሉት ማጥመጃዎች ናቸው፣ ኳስ ያለው አንዱ ጋኑ አናት ላይ፣ ሌላው ከፓምፑ አጠገብ። ሁለቱንም ክፈትና እይ። ኳሱ ከሌለ ወይም ከፓምፑ አጠገብ ያለው ማጥመጃ ውስጥ የደረቀ እበት ካገኘህ ፓምፑ ቀምሶታል ማለት ነው።

ከዚያ ይነሳልኝ በል። ሻጩ "ሲሄድ ይሰራል" ካለህ አትመነው፣ ትራክተር ይምጣና ካርዳኑ፣ ማለትም ከትራክተሩ ወደ ፓምፑ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግ ይገናኝ፣ በደቂቃ 540 ዙር ላይ ይሂድ። ክዳኖቹ ሁሉ ተዘግተው ወደ መምጠጥ አድርገው። የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው ማለት ነው፣ መርፌ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ የፋብሪካው መጽሐፍ ከዜሮ በታች 0.7 ባር ይወርዳል ይላል፣ መርፌው 0.5 ላይ ይቆማል፣ ገዢው ፓምፑ ደክሟል ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ሱሉልታ ላይ ያለው የአየር ግፊት እኮ ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው፣ ጤነኛ ፓምፕ እንኳን አንተ ዘንድ ከ0.5 ብዙም አያልፍም። ይሄው ነገር ጉድጓድህንም ይመለከታል። አውሮፓ ላይ አራት ሜትር የሚስብ ቦቴ እዚህ ወፍራም እበት ከሆነ ሦስት ሜትር ከሳበልህ ጥሩ ነው፣ ስለዚ ጉድጓድህ ከዚያ ጥልቅ ከሆነ ቦቴውን ማቆሚያ ቦታ ዝቅ አድርገህ አስተካክል፣ ወይም እበቱ ሳይጎድል ቶሎ ቶሎ ምጠጠው።

መርፌው ከቆመ በኋላ እጀታውን መሃል ላይ አድርግና ሞተሩን አጥፋው። ዝም ብለህ መርፌውን አምስት ደቂቃ እየው። ካልተንቀሳቀሰ ጋኑም ጎሚኒዎቹም ደህና ናቸው። ቀስ እያለ ከተመለሰ የበር ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ርካሽ ነው፣ የሳሙና ውሃ ቀብተህ ግፊት ላይ አድርገህ የሚያረፋበትን ፈልግ። ግፊት ላይ ስታደርገው ከኋላው በር ፊት ለፊት እንዳትቆም፣ ልጅም አታስቁም። የግፊት ማስተንፈሻው በራሱ መክፈት አለበት፣ ስንት ላይ እንደሚከፍት የፋብሪካው ታርጋ ላይ ተጽፏል፣ ታርጋው ተነቅሎ ከሆነ ለምን ተነቀለ ብለህ ጠይቅ። የፓምፑን ዘይት ከመጀመርህ በፊትና ከጨረስክ በኋላ እይ። ሲሰራ ቢሞቅ ችግር የለውም፣ ግን ውስጡ ሲንኳኳ ከሰማህ አየሩን የሚገፉት ክንፎች ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ክንፎቹ ይቀየራሉ፣ ቤቱ ከተቧጠጠ ግን ሌላ ፓምፕ ነው። የፓምፑን ስም ጻፍና ባቲዮኒ ፓጋኒ ይሁን ጁሮፕ ይሁን ሌላ፣ ከመክፈልህ በፊት መለዋወጫውን አዲስ አበባ ጠይቅ፣ ስምና ሞዴሉን በፎቶ ያዝ።

ጎማውም እንደዚሁ። ከአውሮፓ የሚመጡት ሰፋፊ ናቸው፣ እርሻ ላይ እንዳይሰጥሙ፣ እንደ 550/60-22.5 ያለ ቁጥር ታያለህ። መርካቶ ሂድና ይሄ ቁጥር አለ ወይ በል፣ ከሌለ አንዷ ስትፈነዳ ቦቴህ ቆመ ማለት ነው። ቸርኬው የተለመደ የጭነት መኪና ጎማ የሚወስድ ከሆነ ይሻልሃል። የገባበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ደግሞ ሳታይ አትክፈል።

ካርዳኑ ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛው ካልተሟላ ከዋጋው ላይ አስቀንስና አዲስ ግዛ፣ ያለ እሱ አንድ ቀን እንኳን አታስነሳው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የተፈታ የካፖርት ቀበቶ ከያዘ በሴኮንድ ውስጥ ሰውየውን ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ እናትህ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቡ እንዳይደርሱ።

ከላይ ከውጭ ሆነህ እይ ያልኩህ ለዚህ ነው። ወንድሜ፣ እበት ሲብላላ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው። ትንሽ ሲሆን ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና መሽተቱን ያቆማል፣ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። በየአገሩ በአንድ ጉድጓድ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ጉድጓዱ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ስታማስለው ጋዙ በአንዴ ነው የሚወጣው፣ በተለይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ስለዚ ከማማሰልህ በፊት ላሞቹን አውጣ፣ በር ሁሉ ክፈት፣ ነፋስ ባለበት ቀን አድርገው፣ ነፋሱ ከጀርባህ ወደ ጉድጓዱ ይንፈስ፣ ለግማሽ ሰዓት ሰው አጠገቡ አይድረስ። ጋኑ ውስጥም ጉድጓዱ ውስጥም ማንም አይግባ፣ ስልክ ቢወድቅ፣ ጥጃ ቢገባ፣ ሰው ቢወድቅ እንኳን ገመድ ወርውሩ፣ ጩኹ፣ ሰው ጥሩ እንጂ አትግቡ። ላሜራ ሊበየድ ሲል ደግሞ በያጁ ጋኑ በውሃ ታጥቦ አየር ሳይገባበት እሳት እንዳያስጠጋ፣ ውስጡ የሚቀረው ሚቴን የሚባል ጋዝ ይቀጣጠላል።

የምታወጣው እበት ዋጋ እንዳለው ግን እናትህ ይወቁ። ብዙ ውሃ ካልገባበት 1,000 ሊትሩ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለው፣ አንድ 3,500 ሊትር ቦቴ ወደ 9 ኪሎ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ስለሆነ አምስት ቦቴ በጥሬው አንድ ኩንታል ዩሪያ ያህላል፣ በዚያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ግን ሲሶው ወይም ግማሹ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይና ነፋስ እያለ ከረጨኸው ብዙው በአሞኒያ መልክ ተኖ ይሄዳል፣ ወደ ማታ ወይም ደመና ሲሆን ርጨውና በዚያው ቀን እረሰው። ክረምት መሃል ላይ ግን ቦቴ ይዘህ እርሻ አትግባ፣ ትሰጥማለህ፣ ዝናቡም ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ለዚህ ነው ጉድጓድህ ግንቦት መጨረሻ ላይ ባዶ ሆኖ ክረምቱን መጠበቅ ያለበት፣ ያለፈው ዓመት ጠባችሁ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። የጣሪያ ውሃም ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ አሸንዳ አድርግለት፣ የዝናብ ውሃ በቦቴ ማመላለስ ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ባጭሩ አረንጓዴውን ተወው ነው የምልህ፣ ጤነኛ እንኳን ቢሆን ለፈርጉሰንህ አይሆንም። ደላላውን 3,500 ፈልግልኝ በለው፣ ስታገኝ ከዚህ በላይ ያልኩህን ይዘህ ሂድ፣ ከተጠራጠርክ ድጋሚ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ አካባቢ 6 ላም አለኝ። ጎረቤቶቼ ለሦስት ተዋጥተን ቦቴ እንግዛ እያሉ ነው፣ ትራክተር ግን ማናችንም የለንም፣ እንከራያለን ብለው ነው። ልግባበት ወይ? መሬቴ ዋልካ ነው።
ከቢሾፍቱ

መልስ፦

እህቴ እንዳትገቢበት። ትራክተር ኪራይ ላይ የቆመ ቦቴ የሚፈለግበት ቀን ትራክተሩ የለም፣ ሁሉም የሚያርስበት ሰሞን ነው እበትም የሚወጣው። ዋልካ ደግሞ አንዴ ከረጠበ ቦቴ አይደለም ሰውም ጫማውን ጥሎ ነው የሚወጣበት። ለ6 ላም ቀላሉ መንገድ እበቱ እንዳይቀጥን ማድረግ ነው፣ ጠዋት መጀመሪያ በአካፋ ጠርገሽ ደረቁን ለኮምፖስት ክመሪው፣ ከዚያ ነው በትንሽ ውሃ የሚታጠበው። ሽንቱን በቦይ ወደ አንድ በርሜል ሰብስቢው፣ 200 ሊትር በርሜል በአህያ ጋሪ ይሄዳል፣ ብዙ ውሃ ጨምረሽ አትክልት ስር ሳይሆን ለሳርና ለበቆሎ ስጪው። ባዮጋዝ ካለሽ ወይም ካሰብሽ ከእሱ የሚወጣው ባዮስለሪም በዚያው ጋሪ ይመላለሳል። የተዋጣውን ገንዘብ ሦስታችሁ የጉድጓዳችሁን ወለልና ክዳን በሲሚንቶ ብታሰሩበት እመርጣለሁ፣ ክዳኑ ደግሞ ልጅ የማያነሳው ይሁን።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ የድሮ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ለላሞቼ እበት ብጠቀምበትስ? ፓምፑ ያው አይደል? ካልሆነልኝም ከተማ ገብቼ ሽንት ቤት እየመጠጥኩ እሰራበታለሁ።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ፓምፑ በአሰራር ያው ነው፣ ከላይ ለሱሉልታው ወንድማችን የጻፍኩት ምርመራ ሁሉ ይሰራልሃል። መኪናው ግን ለአስፋልት ነው የተሰራው፣ ጎማው ቀጭን ስለሆነ እርሻ ላይ ይሰጥማል፣ መንገድ ዳር ቆሞ በረጅም ቱቦ ካልሆነ መርጨት አይችልም። ትልቁ ነገር ደግሞ ሁለቱን ስራ አንድ ጋን ላይ እንዳታደባልቅ። የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ወራት፣ አልፎም ዓመት ይቆያል። የዛሬ ሽንት ቤት ነገ ከእበት ጋር ግጦሽህና ጎመንህ ላይ ከተረጨ ለልጆችህና ለገዢህ ነው የምታበላው። የላም እበትም ቢሆን በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ካሮት አይረጭም፣ ግጦሽ ላይ ከረጨኸውም ላሞቹን ቢያንስ አንድ ወር አታስገባቸው። ከገዛኸው ወይ ለእበት ብቻ ይሁን፣ ያውም መጀመሪያ ፍሳሽ መድፋት በተፈቀደበት ቦታ ውስጡ ደጋግሞ ታጥቦ ቱቦዎቹ በአዲስ ተቀይረው፣ ወይ ደግሞ ለከተማ ስራ ብቻ። ከዚህ በፊት ምን እንደጫነም ጠይቅ፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል ጭኖ የሚያውቅ ከሆነ ለእርሻ አይሆንም።